በቆጵሮስ ደሴት የወይን በዓል

ቆጵሮስ በምሥራቅ ሜዲቴራኒያን ባሕር ያለች ደሴት ስትሆን፣ ስሟ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም፤ ቅዱስ ጳውሎስና ቅዱስ በርናባስ ወንጌልን እያስተማሩ ከስልማና እስከ ጳፉ እንደ ሄዱባት በግብረ ሐዋርያት ተጽፎ ይገኛልና። በዛሬው ዘመን ግን ብዙ እንግዳ የሚጎርፍባት ስለ ባሕሯና ስለ ፀሓይዋ ነው። በደቡብ ጠረፏ የተሠራችው የሊማሶል ከተማ ሆቴሎቿን በባሕሩ ዳር አሰልፋ ዕረፍት ፈላጊውን ትቀበላለች። እኛ ወደዚያ የሄድነው ግን ለመታጠብ አይደለም፤ ወይን በሚለቀምበት ወራት የሚደረገውን የወይንና የምግብ በዓል ለማየት ነው።

ይህ በዓል የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1961 ዓመተ ምሕረት፣ ደሴቲቱ ከእንግሊዝ አገዛዝ ወጥታ ነፃ መንግሥት በሆነች በዓመቱ ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በዚያው አቈጣጠር ነው።) የሚደረግበትም ስፍራ በባሕር አጠገብ ያለው የከተማው ማዘጋጃ ቤት የአትክልት ቦታ ነው። በበሩ ላይ እንደ ተነፋነፍ ያለ ሰፊ ሱሪ የለበሰ፣ ቦት ጫማ የተጫማ የወይን ገበሬ ምስል ከሰው ቁመት እጅግ ልቆ ቆሟል። በብዙ አገር በአደባባይ የሚቆመው የንጉሥ ወይም የጦር አለቃ ሐውልት ነው፤ በዚህ ግን መጪው ሁሉ በገበሬ እግር ሥር ማለፉ ደስ አሰኘን።

እንግዳው የመግቢያ ቲኬት ከገዛ በኋላ፣ ወይን ጠማቂዎቹ ከየበርሜላቸው እየቀዱ ያለ ተጨማሪ ዋጋ ያቀምሱታል። በአንድ ወገን ጎበዛዝትና ልጃገረዶች እግራቸውን ታጥበው በገንዳ ውስጥ የወይኑን ዘለላ በቀድሞው ልማድ ይረግጣሉ፤ በሌላ ወገን ቫዮሊን እየተመታ ይዘፈናል። በፍሙ ላይ ሃሉሚ የሚባለው የፍየልና የበግ ወተት አይብ ይጠበሳል፤ እሳት ቢነካውም አይቀልጥም። የተከተፈ ሥጋ በሞራ ተጠቅልሎ የሚጠበሰው፣ እንዲሁም በቀይ ወይንና በድንብላል የሚቀቀለው ወጣቸው ብዙ ጊዜ የዓሣማ ሥጋ ስለ ሆነ፣ እኛ በአይቡና በበጉ ሥጋ ተወሰንን። ከጣፋጩ ሁሉ ያስደነቀን ሹሹኮስ የሚሉት ነው። ለውዙን በክር ይሰኩና፣ ከዱቄት ጋር ፈልቶ በወፈረ የወይን ጭማቂ ውስጥ፣ ጧፍ በሰም እንደሚነከር፣ ደጋግመው እየነከሩ ያደርቁታል።

የዚህ አገር መመኪያ ግን ኮማንዳርያ የሚባለው ጣፋጭ ወይን ጠጅ ነው። የእንግሊዝ ንጉሥ ሪቻርድ ልበ አንበሳ በ1191 ደሴቲቱን በያዘ ጊዜ በሊማሶል ከተማ ሰርጉን አድርጓል። ከዚያ በኋላ የቅዱስ ዮሐንስ ማኅበር ጦረኞች በ1210 በኮሎሲ ርስት ተሰጣቸው፤ ግዛታቸውም ኮማንደሪ ይባል ስለ ነበር ወይኑ ስሙን ከዚያ ወረሰ። በ1454 የተሠራው የኮሎሲ ግንብ ከከተማው በስተ ምዕራብ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። በዓለም ላይ እስከ ዛሬ ከሚሠሩት ወይኖች፣ በስም ከታወቀ እንዲህ ብዙ ዘመን የቈየ ሌላ የለም ይባላል።

አሠራሩን ለማወቅ በማግሥቱ ወደ ትሮዶስ ተራራ ግርጌ ወጣን። በዚያ ማቭሮ የሚሉት ጥቁርና ክሲኒስቴሪ የሚሉት ነጭ ወይን ይበቅላሉ። በ19ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓን ወይን ሥሩን እየበላ ያጠፋው ተባይ ወደዚህች ደሴት ስላልገባ፣ ሐረጎቹ ዛሬም በገዛ ሥራቸው የቆሙ ናቸው። ዘለላው ከተለቀመ በኋላ ከአንድ ሳምንት በላይ በፀሓይ ተሰጥቶ እንደ ዘቢብ ይጨማደዳል፤ ውሃው ሲጎድል ጣፋጭነቱ ይበረታል። ከዚያ ተጨምቆ ይጠመቅና ቢያንስ ሁለት ዓመት በበሉጥ እንጨት በርሜል ይቀመጣል። በቀድሞው ልማድ ደግሞ የድሮውን ወይን ከጋኑ አሟጠው አይቀዱትም ነበር፤ በቀረው ላይ አዲሱን ይጨምሩበታል። ይህንንም ማና፣ ማለት እናት፣ ይሉታል፤ በእኛ ቤት እርሾ እንደምንለው መሆኑ ነው።

ለእኛ ነገሩ የበለጠ የቀረበን በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በዚያ አገር በደብረ ታቦር በዓል የወይን እሸት ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመጣና ይባረካል፤ እኛም በዚሁ በዓል ሙልሙል የምንጋግር ነን። ሁለተኛ፣ ካህናቶቻቸው ለቍርባን ኮማንዳርያን ያቀርባሉ፤ የእኛ ካህናት ደግሞ ዘቢቡን በውሃ ዘፍዝፈው ይጨምቃሉ። ሥርዓቱ ቢለያይም ሁለቱም በፀሓይ ከደረቀ ወይን የሚገኙ ናቸው።

ነገር ግን በተራራው ላይ ያየነው ሁሉ ደስታ አይደለም። ሐረጉ የተተከለው በድንጋይ እርከን ላይ ስለ ሆነ ለቀማው በእጅ ነው፤ በየመንደሩ በሥራው ላይ ያገኘናቸውም ይልቁን ሽማግሎችና አሮጊቶች ናቸው። ልጆቻቸው ለደመወዝ ወደ ከተማው፣ ወደ ባሕሩ ዳር ሆቴሎች ወርደዋል። ሐረጉን የሚከረክመው እጅ ከታጣ፣ የስምንት መቶ ዓመት ስም በአንድ ትውልድ ይጠፋል። ለዚህም መከላከያ እንዲሆን በ1990 በወጣ ሕግ ኮማንዳርያ የሚሠራባቸው 14 መንደሮች ተለይተው ተወሰኑ፤ ከእነዚህ ውጭ በበቀለ ወይን በዚህ ስም መሸጥ ክልክል ነው። የአውሮፓ ኅብረትም ይህን ስም ይጠብቃል። ሕጉ ብቻውን ወጣቱን አይመልስም፤ ነገር ግን ነጋዴ ርካሹን ወይን በስሙ እንዳይሸጥበት ያግዳልና፣ የሽማግሌው ድካም ዋጋውን ያገኛል። በዓሉም የከተማው ሰው የሚጠጣው ከማን እጅ እንደ መጣ በየዓመቱ እንዲያስብ ያደርገዋል።

ስለ መጠጡ ሥርዓትም አንድ ነገር እንበል። ወይኑ ያለ ዋጋ የሚቀዳ ሲሆን ብዙ ስካር ይኖራል ብለን ጠብቀን ነበር። አንዳንድ ጎበዝ ልኩን ማለፉ አልቀረም፤ የሚበዛው ሰው ግን አባት፣ እናት፣ ልጆችና አያቶች ሆኖ በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጦ፣ አስቀድሞ ይበላል፤ ከዚያ በትንሽ ብርጭቆ ቀስ እያለ ያጣጥማል። በቤተ ሰብ ፊት የሚጠጣ ሰው ራሱን እንደሚገዛ በዚያ አየን።

በአገራችንም ጠጅ የክብር መጠጥ ነው፤ ያለ እርሱ ሰርግም ግብርም አያምርም። ነገር ግን ጠጁ ጣፈጠ ብለን ጣዪዋን ስናመሰግን፣ ማሩ ከየትኛው ቀበሌ እንደ ወረደ፣ ጌሾውም ከማን ጓሮ እንደ ተቈረጠ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። የትግራይ ነጭ ማር ከሌላው አበባ ማር በመልክም በጣዕምም እንደሚለይ ሁሉ፣ ጠጁም በየአገሩ ይለያል። ስሙ ያልተጠራ ሥራ ሳይታወቅ ይጠፋል። ስለዚህ የቤት እመቤቶችና የቤት ጌቶች ሁሉ፣ እንግዳ በተቀመጠበት ብርሌው ሲቀርብ፣ የማሩን አገርና የንብ አርቢውን ስም አብረው ቢናገሩ መልካም ነው። ልጆቻቸውም ይህን እየሰሙ ቢያድጉ የገበሬውን ድካም ማክበር ይማራሉ።