ሞዴል 19 የማያውቀው ዕድሜ

አዊ ዞን ውስጥ እንጅባራ ገበያ ፈረስ የሚገዛ ሰው፣ ሻጩ «ገና ወጣት ነው» ብሎ ቢምልለትም፣ የፈረሱን ከንፈር ገልጦ ጥርሱን ሳያይ ዋጋ አይጠራም። እዚያው ከተማ ያገለገለ ኮምፒውተር ሲገዛ ግን ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ «ጀነሬሽኑ ስንት ነው?» ሻጩ «ስላይትሊ ዩዝድ ነው፣ ከዱባይ የገባ» ይላል። ገዢው ያበራዋል፣ ያጠፋዋል፣ ይከፍላል። ክዳኑን የሚያስከፍት እምብዛም አላየሁም።

እኔ በምኖርበት አሜሪካ ደግሞ ምንም ሥራ ለማይሠራ ፕሮሰሰር ዕድሜ እንቅልፍ የሚያጡ ሰዎች አሉ። ኒው ጀርሲ ውስጥ ዎል በምትባል ቦታ የድሮ ኮምፒውተሮች ፌስቲቫል ይደረጋል። እንዲህ ያለ ዝግጅት ላይ ብትገኙ፣ ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩ ቺፖችን በማጉያ መነጽር የሚመረምሩ ጎልማሶች ታያላችሁ። የሚፈልጉት ቺፑ የተሠራበትን ሳምንት ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢንቴል 4004፣ ነጭ ሴራሚክና ወርቅማ ክዳን ያለው ከሆነና ጉዳት ካልደረሰበት፣ ከሺህ ዶላር በላይ ሊያወጣ ይችላል። ያው ቺፕ በፕላስቲክ ሽፋን ከሆነ ዋጋው ያሽቆለቁላል። እብደቱን ለእነሱ እንተውላቸው፤ ዘዴያቸው ግን ለእንጅባራም ሆነ ለሌላዋ የአዊ ከተማ ለዳንግላ ይጠቅማል።

ዴስክቶፑ ይከፈታል፣ ፋኑና ሂት ሲንኩ ይነሳል፣ የደረቀው ፔስት በአልኮል ይጠረጋል። ያን ጊዜ ጽሑፉ ብቅ ይላል። ኤኤምዲ ነገሩን አያወሳስብም፦ አሮጌ አትሎን ላይ ከፊደሎቹ ቀጥሎ 0331 ካያችሁ፣ የ2003 እ.ኤ.አ. 31ኛው ሳምንት ማለት ነው። ሞቶሮላና ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስም ብዙ ጊዜ እንደዚሁ ዓመትና ሳምንት አከታትለው ያትማሉ። ኢንቴል ግን አኃዝ ይቆጥባል። በረጅሙ የምርት ቁጥር መጀመሪያ ያለው ምልክት ፋብሪካውን ያሳያል፤ ለምሳሌ ኤል ማሌዥያ፣ 3 ኮስታ ሪካ ነው። ሁለተኛው የዓመቱ የመጨረሻ አኃዝ ብቻ ነው፤ ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንቱ ናቸው። ስለዚህ «ኤል834» ብሎ የሚጀምር ቺፕ ማሌዥያ ውስጥ በ34ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። በየትኛው ዓመት? 1988፣ 1998 ወይስ 2008? እዚህ ላይ የቺፑን ዓይነት ማወቅ ግድ ይላል። ፔንቲየም ኤምኤምኤክስ የወጣው በ1997 እ.ኤ.አ. ስለሆነ የእሱ 8 የ1998 ነው። ኮር 2 ደግሞ በ2006 ስለወጣ የእሱ 8 የ2008 ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ሌላ ቦታ ነው። 486 ላይ ከኢንቴል ስም አጠገብ ’89 የሚል ይታያል፤ የተሠራበት ዓመት ይመስላል፣ አይደለም። የንድፉ የቅጂ መብት ዓመት ነው፤ ከዓመታት በኋላ ከፋብሪካ የወጣውም ያንኑ ’89 ይዞ ነው የሚወጣው። ያ 0331 ያልነው አትሎን ራሱ 1999 ተጽፎበት ታገኙታላችሁ። ሻጭ ከሁለቱ የሚስማማውን ሊያነብላችሁ ይችላል። ፕሮሰሰሩን መንቀል የሚፈራ ሰው ማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን ትናንሽ ቺፖች ያንብብ፦ ብዙዎቹ ባለ አራት አኃዙን ኮድ ይዘዋል። ቦርዱ ከታናሽ ቺፑ በፊት ሊሠራ ስለማይችል፣ የመጨረሻውን ሳምንት ያገኘ ሰው ማሽኑ ከዚያ በፊት እንዳልተገጣጠመ አወቀ ማለት ነው።

እግረ መንገዴን፣ ሳምንቶቹን ወደ እኛ አቆጣጠር መመለስ ደስ ይለኛል። የ1998ቱ 34ኛ ሳምንት የ1990 ዓ.ም. ነሐሴ አጋማሽ ነው። 37ኛው ሳምንት ላይ ብዙ ጊዜ እንቁጣጣሽ ስለሚውል፣ አንዱ ሳምንት ለሁለት ዓመት ተከፍሎ ያድራል።

አገር ቤት ግን ቢሮ ወይም ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ዕድሜ የሚቆጠረው ከቺፑ ሳይሆን ከገቢ ደረሰኙ፣ ከሞዴል 19 ነው፤ ንብረቱ ግምጃ ቤት ገቢ ከሆነበት ቀን። ዕቃው አዲስ ተገዝቶ ከሆነ ይህ ብዙም አያጣላም። ወረዳዎችን የሚያገናኘው የመንግሥት ኔትወርክ፣ ወረዳኔት፣ በተዘረጋበት ዘመን፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ፣ ከነካርቶኑ የገባ ማሽን በፋብሪካው ሳምንትና በገቢ ደረሰኙ መካከል ያለው ልዩነት ወራት ቢሆን ነው። በእርዳታ የሚመጣው ነው መዝገቡን የሚያዛባው። ለንደን ወይም ዋሽንግተን አንድ መሥሪያ ቤት ለዓመታት ተገልግሎበት የጣለው ዴስክቶፕ፣ ዳንግላ ደርሶ ሞዴል 19 ሲቆረጥለት ዕድሜውን ከአንድ ይጀምራል። ጥቂት ሠርቶ ሲቆም «ምን ነካው፣ ገና አዲስ ነበር» ይባላል፤ ጥፋቱም በባለሙያው ላይ ይላከካል። ከዚያ የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ እስኪሰበሰብ መጋዘን ውስጥ አቧራ ይጠጣል። የሚበታተንበት ማዕከል አዲስ አበባ አቃቂ ቢቋቋምም ከአዊ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ቆራሌው ደግሞ የሚፈልገው ሳጥኑን እንጂ ቦርዱን አይደለም።

ይህን ለአንድ የእንጅባራ ጥገና ባለሙያ በስልክ ሳወራው ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ሳምንቱ ጥሩ ነው፤ ደንበኛዬ ግን ዊንዶውስ 11 ይጭናል ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀኝ።» ልክ ነው። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው ድጋፍ በኦክቶበር 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ስምንተኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ እሱም ገበያ የወጣው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ የእኛ ሰው «ጀነሬሽኑ ስንት ነው» ማለቱ የዋህነት አይደለም። ግን ጀነሬሽን የሚነግረን ንድፉ መቼ እንደወጣ ነው። ያ ቺፕ መቼ እንደተሠራና ዳንግላ ከመድረሱ በፊት ስንት ዓመት ሠርቶ ሊሆን እንደሚችል የሚነግረን ሳምንቱ ነው። ሁለቱን መጠየቅ ምንም አያስከፍልም።

በእርዳታ በሚሄደው ኮምፒውተር ኮንቴይነር የምንሞላው ደግሞ እኛ ውጭ ያለነው ነን፤ ቺፑን ለማንበብም አልኮሉና ጊዜው ያለው እኛ ጋ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተር የምናሰባስብ የአዊ ልጆች የዕቃ ዝርዝሩ ላይ አንድ ዓምድ እንድንጨምር ሐሳብ አቅርቤያለሁ፦ የፋብሪካ ሳምንት። ከ2017 እ.ኤ.አ. በፊት የሆነው እዚሁ ይቅር ብዬም ነበር፤ አንዳንዶቹ ቅር አላቸው። ሊኑክስ ተጭኖበት ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ይሆናል ይላሉ። ክርክራቸው ባዶ አይደለም። እንግዲያውስ ይሂድ፤ ግን ቀኑ በግልጽ ተጽፎበት፣ ገና ሳይጫን ዝርዝሩ ለተቀባዩ ትምህርት ቤት ይላክ። አልፈልግም የማለት መብቱም የትምህርት ቤቱ ይሁን።