ካርታና ካርቶን

በረንዳ አዳሪን ቤት የለሽ ብንለው እውነት ነው፤ ቦታ የለሽ ካልነው ግን ተሳስተናል። ኮልፌ፣ አጣና ተራ አካባቢ፣ ሱቆች ከተዘጉ በኋላ በየደጃፉ ካርቶን የሚያነጥፉትን ሰዎች አምሽቼ ስገባ ለዓመታት አይቻቸዋለሁ። ማንም እንዳገኘ አይጋደምም። ነፋስ የማይደርስበት ጥግ የሽማግሌው ነው፤ ጣራው የሚያፈስበት የኋላ መጪው። እሱም «አባባ፣ እዚህ ጋ ሰው አለ?» ብሎ ሳይጠይቅ አይቀመጥም። አጥር በሌሊት በሚገፋበት ከተማ ይህ ቀላል ጨዋነት አይደለም።

ጠዋት ካርቶኑ ተጠቅልሎ ከመብራት እንጨት ጀርባ ይሸጎጣል። ካርቶን በኪሎ እንደሚሸጥ ሁሉም ያውቃል፤ የሚነካው ግን የለም። ከሆቴል የሚመጣው ቡሌ የጋራ ነው፤ ብርድ ልብስ የግል። የቦታው ኪራይ ደግሞ ባለሱቁ ከመድረሱ በፊት ደጁን መጥረግ ነው። አንዱ ቢያቆሽሽ ሁሉም ይባረራሉና እርስ በርስ ይጠባበቃሉ።

ባለፈው ክረምት ሽማግሌው ታመው ሆስፒታል ገቡ። አጠገባቸው የሚያድረው ልጅ የእሳቸውን ካርቶን በየማታው ሲያነጥፍ፣ ራሱ ግን ዝናብ በሚመታው በኩል ሲተኛ አየሁት። አንድ እንግዳ ባዶውን ቦታ ቢጠይቀው «ታመው ነው እንጂ አለቀቁም» አለው።

ይህች ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ። የ1952 ዓ.ም.ን የፍትሐ ብሔር ሕግ ገለጥኩ። በአንቀጽ 1140 መንፈስ፣ ይዞታ ማለት አንድን ነገር በእጅ አድርጎ ማዘዝ ነው፤ በአንቀጽ 1149 ደግሞ ይዞታውን የተነጠቀ ሰው በ2 ዓመት ውስጥ ይመለስልኝ ብሎ መክሰስ ይችላል። ሕጉ ሲጻፍ በረንዳ ታስቦ እንዳልነበረ ይገባኛል። ነገር ግን በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታ የመንግሥት ከሆነ ወዲህ፣ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ካደረገ በኋላ፣ ባለሱቁም ቢሆን የሕንፃው እንጂ የመሬቱ ባለቤት አይደለም። የእሱም ይዞታ ነው። ልዩነቱ፣ እሱ ካርታ አለው፤ ሽማግሌው ካርቶንና አንድ ልጅ አላቸው።

ነገሩን ማሳመር አልፈልግም። ጉልበተኛ የሚያፈርሰው ሌሊት አለ፤ ብቻዋን ለመጣች ሴትም ጥጉ በነጻ አይሰጣትም። አፈሳ ሲመጣማ ካርቶኑ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም፤ ከቆሻሻው ጋር ይጫናል።

መስከረም ላይ ባለሱቁ ደጁን በብረት ፍርግርግ አጠረው። መብቱ ነው። ልጁ ሁለቱን ካርቶኖች ተሸክሞ ሦስት ሱቅ አልፎ ሄደ፤ እዚያ ያሉትን አስፈቅዶ ሁለቱንም አነጠፈ። ሽማግሌው ሲመጡ የት እንደሚያገኙት ለሊስትሮው ነግሮታል።