ደረሰኙ በማን ስም ይቆረጥ?

ዛሬ የተረከብነውን የቡና መመዝገቢያ ሲስተም በግራፍ ሞዴልስ አሥዬ፣ ወረቀቱን አትሜ ይርጋጨፌ አካባቢ ወዳለ እሸት ቡና ማጠቢያ ይዤው ወረድኩ። ጃንጎ የምትሠሩ ታውቁታላችሁ፤ ጃንጎ ኤክስቴንሽንስን ትጭናላችሁ፣ አንድ ትእዛዝ ትጽፋላችሁ፣ ግራፍቪዝ ቴብሎቹን በሳጥን፣ ዝምድናቸውን በመስመር ሥሎ ያወጣላችኋል።

ሚዛን ላይ የምትሠራው እህታችን ወረቀቱን ተቀበለችኝና «ገበሬ»ን ከ«ማሳ» ያገናኘችውን መስመር በጣቷ ነካች።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«አንድ ማሳ አንድ ባለቤት አለው ማለት ናት።»

«ሚስትየዋስ? የይዞታ ደብተሩ ላይ የሁለቱም ስም አለ እኮ! ቡናውን ተሸክማ የምትመጣውም እሷ ናት። ደረሰኙን በማን ስም ልቁረጥላት?»

ኮድ አይታ የማታውቅ ሴት ናት። ፎሪን ኪ መሆን ያልነበረበትን ፎሪን ኪ በአንድ እይታ አገኘችው። ደስ ብሎኝ ልጮህ ነበር!

«ገበሬ» የሚለው ሳጥን ውስጥ ግን «የልደት ቀን፣ ዴትፊልድ» የሚል አየሁና ደሜ ፈላ። እኔ የተወለድኩት የካቲት 30 ነው። መታወቂያ ላወጣ አንድ ቢሮ ስሄድ ኮምፒውተሩ አልቀበልም አለ፤ የፈረንጆቹ ሁለተኛ ወር 30 የለውማ። ጸሐፊዋ «28 ልበለው፣ ምን ችግር አለው» ብላ ጻፈችው። ችግሩማ ይኸው፣ የልደት ሰርተፍኬቴና መታወቂያዬ እስከ ዛሬ አይስማሙም፤ ባንክ በሄድኩ ቁጥር ክርክር ነው። ጳጉሜን የተወለዳችሁ ወገኖቼ፣ እናንተማ ወራችሁም የለም! መፍትሔው እኮ ቀላል ነው፤ ዳታቤዙ ውስጥ ማርች 9 ብላችሁ አስቀምጡት፣ ስክሪኑ ላይ የካቲት 30 ብላችሁ አሳዩት። የሰው ልደት በግምት አይሞላም።

ወደ ማሳው ልመለስ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የደን ጭፍጨፋ ሕግ ቡናው የበቀለበት ማሳ መገኛ ይጠየቃል፤ ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ይበቃል። የጌዴኦ ገበሬ ደግሞ ቡናው ከእንሰቱና ከጥላ ዛፉ ጋር ተሰባጥሮ፣ እዚህ ቁራሽ እዚያ ቁራሽ ነው። ዩኔስኮ መስከረም 2016 ዓ.ም. የመዘገበው መልክዓ ምድር ይኸው ነው። ሞዴሉ ለአንድ ገበሬ አንድ ነጥብ ብቻ ከያዘ የሌላው ቁራሽ ቡና መገኛ የለውም።

ይህ ሁሉ ስሕተት መታየት ያለበት መረጃ ሳይገባ ነው። ጃንጎ ፎሪን ኪን ወደ ማኒ ቱ ማኒ በቀጥታ አይቀይርላችሁም፤ አዲስ ፊልድ መክፈት፣ መረጃውን ማዛወር፣ አሮጌውን መጣል ነው። ባዶ ቴብል ላይ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ሙሉ የመኸር ደረሰኝ ከተጫነበት በኋላ ግን ሌላ ጣጣ ነው።

ዲላ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ፕሮጀክት የያዛችሁ እህት ወንድሞቼ፣ እባካችሁ ሥዕሉን ለአማካሪያችሁ ብቻ አታሳዩ። ሚዛን ላይ ላሉትም ውሰዱላቸው።