ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፦ ሸክላዎቹን አልሸጥኳቸውም

አንድ የውጭ አገር ሰብሳቢ ቤቴ መምጣቱን የሰማችሁ «ጋሼ፣ እውነት ሸጧቸው እንዴ?» እያላችሁ በውስጥ መስመር ጠይቃችሁኛል። ለእያንዳንዳችሁ መመለስ ስላልቻልኩ እዚሁ ልጻፈው። ዘለግ ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

ሰውየው ጨዋ ነው። ሸክላውን በጠርዙ ይዞ ነው ያነሳው፤ ይሄን የሚያውቅ እንግዳ ቤቴ ብዙ አይመጣም። ለአስራ አንድ ባለ 45 ዙር ሸክላ የጠራው ዋጋ ግን ከአንድ ዓመት ጡረታዬ ይበልጣል። ባለቤቴ በዓይኗ ወደ ጣሪያው አሳየችኝ። ክረምት ላይ ቤታችን የመጣችሁ ጣሪያውን ታውቁታላችሁ።

ለምን እንደሚፈለጉ ለልጆቹ ልንገር። አምሃ እሸቴ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው፣ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬከርድስን ሲጀምር ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለአገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። እሱ ግን ደፍሮ ዓለማየሁ እሸቴን አሳተመ። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላ አወጣ። እዚህ ማተሚያ ስላልነበረ ቅጂው ህንድና ሊባኖስ ድረስ ይላክ ነበር። ካይፋም ተከተለ። ከዚያ ካሴት መጣና የሸክላው ዘመን አበቃ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ በ«ኢትዮፒክስ» ብዙውን ለዓለም መልሶልናል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። እኔ ጋ ካሉት አስራ አንዱ ውስጥ አራቱን ዳግም ታትመው የትም አላየኋቸውም።

አሁን ወደ ዕቃዎቼ። ማጫወቻዬ ቴክኒክስ 1200 ማርክ 2 ነው። በ1996 ዓ.ም. ከተዘጋ ናይት ክለብ የገዛሁት። ሞተሩ ሳህኑን በቀጥታ ነው የሚያዞረው፣ ፍጥነቱን የሚጠብቀውም ኳርትዝ ነው። መብራት ከፍ ዝቅ ሲል ዘፋኙ አብሮ አይንገዳገድም። (መብራቱ ጭራሽ ሲሄድስ? ሻማ አብርተን እንጫወታለን።)

ብዙ ሰው የማያውቀው ዕቃ ግን ፎኖ ፕሪአምፑ ነው። ሸክላ ሲቆረጥ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል። ወፍራሙ እንዳለ ቢገባ መስመሩ እየሰፋ ቦታ ይጨርሳል። ቀጭኑ ደግሞ ሲጫወት ተመልሶ ስለሚቀነስ የሸክላውን ሽሽታም አብሮ ይቀንሰዋል። ፕሪአምፑ ይሄንን ገልብጦ ያስተካክላል፤ ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ያለው ልዩነት 40 ዴሲቤል ገደማ ነው። ይሄ ሁሉ የሚሠራው ከመርፌው በሚወጣ 5 ሚሊቮልት አካባቢ ነው። ለዚህ ነው ትንሽ ነገር የምትረብሸው። አንድ ጊዜ «እምምም» የሚል ድምፅ ገብቶ አንድ ባለሙያ ካርትሪጁ ተቃጥሏል፣ ቀይረው አለኝ። እቤት ገብቼ ሳየው ከማጫወቻው ወደ አምፕሊፋየሩ የምትሄደዋ የግራውንድ ሽቦ ላልታ ነበር። ብሎኗን ጠበቅ፣ ዝም።

ጆሮ ማዳመጫዬ ዜንሃይዘር ኤችዲ 600 ነው። የአጎቴ ልጅ ከፍራንክፈርት በ1999 ዓ.ም. አመጣልኝ። ስፖንጁን ሦስቴ፣ ገመዱን አንዴ ቀይሬያለሁ፤ ሌላው ያው የድሮው ነው። 300 ኦም ስለሆነ ስልክ ላይ ብትሰኩት ይልፈሰፈሳል፣ አምፕሊፋየር ይፈልጋል። ጀርባው ክፍት ነው፣ የውጭ ድምፅ ይገባል። እኛ ያለነው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ ሽቅብ ስለሆነ ሌሊት የባህር ዛፉ ጫካ ውስጥ ጅብ ሲጮህ ከሳክስፎኑ ጋር አብሮ ይሰማኛል። እውነቱን ለመናገር ዝግ ማዳመጫ ሞክሬ አልወደድኩትም፤ ጅቡ ሲጠፋ ዘፈኑ አዲስ አበባ የተቀረጸ አይመስለኝም።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ዘንድሮ ጆሮዬን ተመርምሬ ነበር። ከ6 ሺህ ኸርዝ ጀምሮ ሁለቱም ወርደዋል፣ ግራው ይብሳል። ዕድሜ ነው፣ የሚመለስ አይደለም ተባልኩ። ሸክላዎቹን ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። በቀደም የእህቴ ልጅ አንዱን ስትሰማ «ጋሼ፣ ይሄ ምን ያጥጠዋል?» አለችኝ። እኔ ምንም አልሰማም። ደግሜ አጫወትኩት፣ ምንም። እሷ ግን የምትንጣጣበትን ሰከንድ በጣቷ ታሳየኛለች።

ለሰብሳቢው ያልኩት ይሄንኑ ነው፦ አራቱ በደንብ ሳይገለበጡ ከዚህ ቤት አይወጡም። ድርብ ያሉኝን ሁለቱን በኋላ እንነጋገርባቸዋለን። ጣሪያውም ይታሰብበታል፤ ባለቤቴ ይሄን ስለምታነብ ነው።

ስለዚህ ጥሩ ጆሮ ያላችሁ፣ በተለይ ከሰላሳ በታች የሆናችሁ ተማሪዎቼ፣ ሁለት ሰው እፈልጋለሁ። አርባ ፋይል አለ፤ እየሰማችሁ የሚንጣጣበትን ደቂቃና ሰከንድ መጻፍ ነው ሥራው። ክፍያው ቡናና ቆሎ ነው። ወላጆቻችሁ ሳጥን ውስጥ ሸክላ ያላችሁም አምጡልኝ፣ ገልብጬ እመልሳለሁ። እስከዚያው አታነባብሯቸው፣ እንደ መጽሐፍ አቁሟቸው። ባለ 78 ዙሮቹን የድሮዎቹን በአልኮል እንዳትወለውሉ፣ ይሟሟሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ከስምንት ሰዓት በኋላ ቤት አለሁ።