በፍኖተ ሰላም የቀረው ቀሚስ

ወደ ባሕር ዳር በሄድን ቁጥር ፍኖተ ሰላምን የምናውቃት በምሳ ነበር። አውቶቡሱ ይቆማል፣ እጃችንን እንታጠባለን፣ ሽሯችንን ሳናጣጥም ረዳቱ «ግቡ! ግቡ!» ይላል። በጥር 2015 ዓ.ም. ግን ባለቤቴ «እስቲ ዛሬ እዚህ እንደር» አለችኝ። እኔ መንገድ ላይ መቆም አልወድም፤ በቤታችን የቆየ ክርክር ነው። እሺ ያልኩት ጭቅጭቁን ፈርቼ እንደሆነ እዚህ ላይ ልናዘዝ።

በአስፋልቱ ዳር እያስነጠስን ሄድን፤ የበርበሬ ወቅት ነበር። አንዲት ነጋዴ እናት ዛላውን ሰብረው ዘሩን አሳዩንና «እናንተ አዲስ አበባ ሁሉንም የቡሬ በርበሬ ትሉታላችሁ፤ የኛ የጃቢ ጠህናን ገበሬ ላቡን ያፈስሳል፣ ስሙን ቡሬ ትወስዳለች» ብለው አሳቁን።

የባለቤቴ ቀሚስ በአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ተይዞ ጠርዙ ተቀዶ ስለነበር ማደሪያችን ስትደርስ ቀይራው ልብስ ሰፊ ፍለጋ ወጣን። በአንድ በረንዳ ላይ አንድ አዛውንት ሲንጀራቸውን ይረግጣሉ። ከኋላቸው ግድግዳው ላይ በርካታ ልብሶች ተሰቅለዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ ስም የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት በመርፌ ተይዟል። ባለቤቶቻቸው ያልወሰዷቸው ናቸው። «ይህ የሠርግ ሱሪ ነው» አሉን፤ «ልጁ ለሰሊጥ ሥራ መተማ እንደ ወረደ አምስት ዓመቱ።»

«ታዲያ ለምን አይሸጡትም?» አልኳቸው።

«የአደራ ልብስ ይሸጣል ወይ፣ ልጄ?»

ቡና መጣ። ዓይናችንን ጨፍነን ስንጸልይ «ጴንጤ ናችሁ እንዴ?» አሉን ፈገግ ብለው። እሳቸው አማተቡ፤ አብረን ጠጣን። ከተማዋ ቀድሞ ወጀት ትባል እንደነበር፣ የአሁኑን ስም ያወጡላት አፄ ኃይለ ሥላሴ እንደሆኑ የነገሩንም እሳቸው ናቸው። ፍኖተ ሰላም በግዕዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ ሉቃስ 1፥79 ላይ በዘካርያስ ትንቢት መጨረሻ እናገኘዋለን። ቀሚሱን ስንመለስ እንድንወስድ ተስማምተን ስልካቸውን ይዘን በማግስቱ ወደ ቡሬ ቀጠልን።

ቡሬ የነቀምቴው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ዓባይ የሚወርድባት ከተማ ናት። ሱቅ በሱቅ ሆና የምትታየው ይህች መገንጠያ በ1933 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ጠንካራ ምሽግ ነበረች። ሊከፍታት የመጣውን ጦር የመራው እንግሊዛዊው ኦርድ ዊንጌት ነው። ወላጆቹ የፕሊማውዝ ብሬዝረን አማኞች ነበሩ፤ መጽሐፍ ቅዱስ እያነበበ ስላደገ ሱዳናውያንና ኢትዮጵያውያን ወታደሮች ያሉበትን ጥቂት ሠራዊቱን «የጌዴዎን ጦር» አለው። ከጎጃም አርበኞች ጋር ሆነው በቁጥር እጅግ የሚበልጣቸውን ጠላት በሌሊት እያጠቁ አስጨነቁት። በየካቲት መጨረሻ ጣሊያኖች ቡሬን ለቀው ወጡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በዚሁ መስመር አልፈው ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ።

ያን ዕለት ማታ መሳፍንትን ከፍተን አነበብን። ሁላችንም የምናስታውሰው ሦስት መቶውን ሰዎችና ማሰሮዎቹን ነው። ባለቤቴ ግን ወደ ኋላ ገልጣ ምዕራፍ 6፥24 ላይ ቆመች፦ ጌዴዎን ከውጊያው በፊት መሠዊያ ሠርቶ የጠራው በሰላም ስም ነው። ስንት ጊዜ የተሰበከበትን ክፍል ይህን ሳላስተውል አልፌዋለሁ!

ከባሕር ዳር ስንመለስ የተሳፈርንበት መኪና ፍኖተ ሰላምን በሌሊት ሳይቆም አለፈ። ቀሚሱ ቀረ።

ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በከተማዋ በደረሰ የአየር ጥቃት ከሃያ በላይ ሰዎች መሞታቸውን ሰማን። ሽማግሌው ጋ ደወልን፤ አይሠራም። ለሳምንታት ማታ ማታ ስንጸልይ ስማቸውን እንጠራ ነበር። ባለ በርበሬዋን እናት ስማቸውን ስላልጠየቅናቸው «ያቺን እናት» እያልን ለጌታ እንነግረው ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ስልኩ ጠራ። ባለቤቴ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ «አባባ፣ ደኅና ነዎት?» አለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ አለን» አሉ። ጥቂት ዝም ብለው «ቀሚስሽም አለ» አሏት።