አንድ ጋቢና አንድ ቅያሪ ልብስ

ልጃችሁን ለአገልግሎት ጉዞ ወይም ለትምህርት ከቤት ሸኝታችሁ ከሆነ፣ ሻንጣውን የሚሞላው ተጓዡ ሳይሆን የእናት ስጋት መሆኑን ታውቃላችሁ። “ይህ ቢያስፈልገውስ?” እያልን እንጨምራለን፤ ዚፑ እምቢ ሲል በጉልበታችን ተጭነን እንዘጋዋለን። ዛሬ ስለ ጓዝ ልጽፍላችሁ የተነሣሁት አዋቂ ሆኜ አይደለም። በወሎ ደጋ፣ በአንዲት እናት ቤት አፍሬ የተማርኩት ነገር ስላለ ነው።

ነገሩ የሆነው በ2001 ዓ.ም. በጥር ወር መጨረሻ ነው። በሴሚስተር ዕረፍት፣ ባለቤቴና እኔ አሥራ አራት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ይዘን ከአዲስ አበባ ወደ መካነ ሰላም ተነሣን። ከተማሪዎቹ አንዱ የዚያ አገር ልጅ ስለነበር ማረፊያችን የእናቱ ቤት ሆነ። ከጉዞው በፊት ሕግ ያወጣሁት እኔ ነበርኩ፤ ለአንድ ሰው አንድ ቦርሳ፣ ከሰባት ኪሎ ያልበለጠ። የአንዳንዶቹን በሚዛን አስመዝኜ ትርፍ ጫማ አስወጥቻለሁ። “ጋቢ ቦታ ይይዛል፣ ተዉት” ያልኩትም እኔው ነኝ። የራሴን ግን ማንም አልመዘነውም። ሁለት ሻንጣ ነበር፤ አንደኛው ልብስ፣ ሁለተኛው ከላይ እስከ ታች ስንቅ፤ ዳቦ ቆሎ፣ ብስኩት፣ የታሸገ ዓሣ፣ ፓስታ፣ ስኳር ሳይቀር። ባለቤቴ በር ላይ አይቶ “አምስት ሺህ ሰው ልትመግቢ ከሆነ አምስት እንጀራ ይበቃ ነበር” ብሎኝ ሳቅን።

መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ክፍል፣ ቦረና በሚባለው ወረዳ ያለች ከተማ ናት። ስሙ ያሳስታል። የአንዱ ተማሪያችን እናት “ቦረና” ሲባል ሰምታ፣ በኬንያ ጠረፍ ያለው ቆላ መስሏት ልጇን በስስ ሸሚዝና በነጠላ ጫማ ሸኝታው ነበር። የወሎው ቦረና ግን ደጋ ነው። ደሴ አድራችሁ በማግስቱ ወደ ምዕራብ ስትጓዙ፣ ጉጉፍቱ ላይ የጥር ፀሐይ ወለል ብላ እየበራች ነፋሱ አጥንት ይሰረስራል። ወደ አቀስታ ስትዘልቁ አገሩ ገብስና በግ ነው። በጉን የሚያረቡት ለሥጋው ብቻ አይደለም፤ ከፀጉሩ ባና ይሠራል፤ ባናውም የሌሊቱን ውርጭ ይመክታል። ያ ባለ ስስ ሸሚዝ ልጅ ሲንቀጠቀጥ አጠገቡ የተቀመጡ ሽማግሌ አይተው “ግባ ልጄ” አሉና በጋቢያቸው ግማሽ ሸፈኑት። ስሙንም ሃይማኖቱንም አልጠየቁትም። ሙስሊም መሆናቸውን እኛም ያወቅነው መኪናው ሲቆም ለሶላት ሲወርዱ ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ጠዋት ጓዛችን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ሲጫን ረዳቱ ሁለተኛውን ሻንጣዬን አነሣና “ምንድን ነው ይሄ፣ ወፍጮ ነው?” አለ። የእኛ ጓዝ ቦታውን ስለያዘው አንዲት ሴት የገበያ ኩንታሏን የምትጭንበት አጥታ ለማግስቱ መኪና ቀረች። በመስኮት አየኋት። ልቤ ነካ አደረገኝ፣ ግን ዝም አልኩ።

መካነ ሰላም ስንደርስ መሽቶ ነበር። የልጁ እናት ደጅ ቆመው ይጠብቁናል። እግራችንን ካላጠብኩ አሉ፤ በስንት ልመና ተውን። እማማ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ናቸው። ልጃቸው ግን ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ጌታን ተቀብሏል፤ የእምነት ጓደኞቹ እዚያ ቤት ሲገቡ ያ የመጀመሪያው ነበር። በግ አሳርደው፣ እንጀራውን በመሶብ ደርድረው ጠበቁን። እኔ ደግሞ ያገዝኳቸው መስሎኝ፣ “እማማ፣ አይቸገሩ፣ እኛ ይዘን መጥተናል” እያልኩ ሻንጣዬን ከፍቼ ብስኩቱንና የታሸገውን ዓሣ መደቡ ላይ እደረድር ጀመር።

ቤቱ ጸጥ አለ። እማማ እቃውን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በለሆሳስ፣ “ልጄ፣ ቤቷ ራብ አለበት ብላችሁ ነው፣ ወይስ እጄን ተጠይፋችሁ?” አሉኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጥያቄ ሁለት ስለት አለው። የ1966ቱና የ1977ቱ ረሃብ የወሎን ስም ከእርዳታ እህል ጋር አጣብቆት ቀርቷል። እንግዳ ተቀብሎ፣ “አፈር ስሆን” ብሎ ለምኖ የሚያበላ ሕዝብ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ሁሉ እንደ ራብተኛ ሲያየው ምን ያህል እንደሚያመው ያን ቀን ነው የገባኝ። ሁለተኛው ግን ይብሳል። እናትየው የፈሩት አዲሱ እምነት ልጃቸውን ከእናቱ መሶብ እንዳይለየው ነበር። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ነበር። እኔ ወንጌልን ልናገር ሄጄ፣ አፌን ሳልከፍት ሻንጣዬ ቀድሞኝ ሌላ ነገር ተናገረ።

እቃውን መልሼ ከተትኩ። ተነሥቼ ጉልበታቸውን ስሜ “ይቅር ይበሉኝ” አልኳቸው፤ ከመሶቡም ቀድሜ ቆረስኩ። ልጃቸው ሲጎርስ ያዩበትን ዓይን አልረሳውም።

ሌሊቱ ደግሞ ሌላ ትምህርት ነበረው። በእኔ ሕግ ጋቢ የያዘ ተማሪ አልነበረም። እማማ በጨለማ ወጥተው ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም ጎረቤት ጋቢና ባና ለቅመው መጡ። ለሁላችን አዳረሱ። ሌሊት ስነቃ እርሳቸውን ነጠላቸውን ብቻ ተከናንበው እሳት ዳር ተቀምጠው አገኘኋቸው። የማያስፈልገውን ተሸክሜ፣ የሚያስፈልገውን አስቀርቼ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10ን ሳነብ ይህ ቤት ትዝ ይለኛል። ጌታ ሰባዎቹን ሲልክ ከረጢት እንዳይዙ፣ በገቡበት ቤትም የቀረበላቸውን እንዲበሉ አዘዛቸው። ድሮ ይህን የእምነት ፈተና ብቻ አድርጌ አስተምረው ነበር። አሁን ለባለቤቱም ክብር ይመስለኛል፤ ባዶ እጁን የመጣ እንግዳ አስተናጋጁን ሰጪ ያደርገዋል። ጳውሎስ ደግሞ በሁለተኛው የጢሞቴዎስ መልእክት መጨረሻ፣ በጢሮአዳ የተወውን በርኖስ ክረምት ሳይገባ እንዲያመጣለት ይለምናል። ሐዋርያውም ብርድ ይሰማው ነበር። ጓዝ ማቅለል ማለት ጋቢ መተው አይደለም ማለት ነው።

በወሎ ምድር ጓዙን ሁሉ ያጣ አንድ የወንጌል መልእክተኛም ነበር። ጀርመናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በሸዋ ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1842 ከአንኮበር ወደ ባሕሩ ዳርቻ ተነሣ። ግብፅ ደርሶ እጮኛውን ሮዚን ዲትሪክን ሊያገባ ነበር። አዳራ ቢሌ የተባለው የወሎ ባላባት መጀመሪያ በክብር ተቀበለው፤ በኋላ ግን ይዞ ያለውን ሁሉ ገፈፈው። ክራፕፍ በሰው ቸርነት እየተመገበ ምፅዋ ደረሰ። ሠርጉም በዚያው ዓመት ተፈጸመ። ለሠርግ ስንት ነገር ካልተሟላ የምንል እኛ፣ ይህን ሙሽራ ብናስታውስ መልካም ነበር።

ከእርሱ በኋላ የመጡት የቅዱስ ክሪሾና ሚስዮናውያን ታሪክ ግን ያሳዝናል። የእጅ ሙያቸውንና መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው የመጡት እነዚህ ሰዎች፣ ጋፋት ላይ ለዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ሠሩ። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ይህን ብረት ሠራዊቱ በ1860 ዓ.ም. ገደልና ወንዝ እያሻገረ፣ ወራት ፈጅቶ፣ ከመካነ ሰላም በስተ ሰሜን ምሥራቅ ተንታ ወረዳ ወዳለችው መቅደላ ጎተተው። ዛሬም እዚያው አምባ ላይ ተጋድሟል። በዚያ ደጋ ከወጣው ጓዝ ሁሉ ሳይከብድ አይቀርም፤ የሠሩትም የእኛው የእምነት ዘመዶች ናቸው።

እንግዲህ ልጃችሁ ወደዚያ አገር ቢሄድ ምን ይያዝ? መካነ ሰላም ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ግቢ አላት፤ ስለዚህ ጥያቄው የብዙ ቤት ጥያቄ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ከጓዙ በፊት የመንገዱን ደኅንነት ከአገሬው ሰው መጠየቅ ይቀድማል። ከዚያ በኋላ አንድ ጋቢ፣ አንድ ወፍራም ሹራብ፣ አንድ ቅያሪ ልብስ፣ ሁለት ጥንድ ካልሲ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት ወደ ቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ለመውጣት የሚያስችል ጠንካራ ጫማ፣ የእጅ ባትሪ፣ ሳሙና፣ የሚወስደው መድኃኒት ካለ እርሱ፣ መጽሐፍ ቅዱስ። ሴቶች ልጆቻችን ረጅም ቀሚስና ነጠላ አይርሱ። ለባለቤቷ ስጦታ ካሰባችሁ ቡናና ስኳር ይበቃል፤ እርሱንም ከተበላ በኋላ፣ በሁለት እጅ ስጡ እንጂ እንደ እኔ መሶቡ ፊት አትዘርግፉት። ልጁ ተሸክሞት ዳገት የማይወጣው ቦርሳ ከሆነ፣ ሌላ ሰው ሊሸከምለት ነው ማለት ነው፤ እዚያ አገር ያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት።

አራተኛው ቀን ስንሰናበት እማማ አንድ ጆንያ በሶ አወጡ። “እንዴት እንሸከመዋለን?” ስል ስቀው፣ “ያ ትልቁ ሻንጣሽ ምን ሊሠራ ነው?” አሉኝ። እውነትም ልክ ገባ። ብስኩቱንና የታሸገውን ዓሣ ተማሪዎቹ በቦርሳቸው ተከፋፍለው አዲስ አበባ መለሱት። በሶው ግን ደሴ ሳንደርስ አለቀ።