«ሲስተማቲካሊ» ማለት «በዘዴ» ነውን?

በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ከሚያከራክሩን ቃላት አንዱ «ሲስተማቲካሊ» ነው። በዕለት ትምህርት ዕቅድ ላይ «መምህሩ ትምህርቱን ሲስተማቲካሊ ያቀርባል» ተብሎ ይጻፍና ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ኧረ ለመሆኑ ምን ማለት ነው? ሲጠየቅ ብዙዎቻችን «በዘዴ ማለት ነዋ!» እንላለን።

ይህ ትርጉም ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚያደርሰን። የእኛ «በዘዴ» ብልኃትም፣ አንዳንዴ ተንኮልም አለበት። «እንግዳውን በዘዴ ሸኘው» ስንል ሳያስቀይመው ማለታችን ነው እንጂ ቅደም ተከተል አላሰብንም። የእንግሊዝኛው ቃል ሥሩ የግሪክኛው «ሲስቴማ» ነው፤ ይኸውም ብዙ ክፍሎች ተገጣጥመው የቆሙበት አንድ ሙሉ ነገር ማለት ነው። ስለዚህ ሥራው ተራውን ይዞ፣ አንዱንም ሳይዘል፣ በአንድ ደንብ ሲሠራ ነው ሲስተማቲካሊ ተሠራ የሚባለው። «በሥርዓት» ይቀርበዋል፤ ግን «በሥርዓት ተቀመጥ!» የሚለው የእናቶቻችን ቁጣ ጣልቃ ይገባል። (በነገራችን ላይ ሲጻፍ «ካሊ» ቢልም እንግሊዞቹ ሲናገሩት «ሲስተማቲክሊ» ነው የሚሉት።)

ደግሞም ቃሉ ለበጎ ነገር ብቻ አይደለም። ሁልጊዜ 50 ግራም አብልጦ የሚያሳይ ሚዛን በሳይንስ ስሕተቱ «ሲስተማቲክ» ይባላል። መቶ ጊዜ መዝነን አማካዩን ብንወስድም ያው 50 ግራም አይለቀንም። ይህን «ሚዛኑ በዘዴ ተሳሳተ» ብሎ የሚተረጉም ካለ፣ ሚዛኑን አጭበርባሪ ነጋዴ አደረገው ማለት ነው!

ለእኛ ለዕጩ መምህራን ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ ሰባ ልጆች ያሉበት ክፍል ይጠብቀናል እንበል። እጅ ያወጣውን ብቻ የምንጠይቅ ከሆነ፣ ከኋላ ወንበር አንገቷን ደፍታ የምትቀመጠው ልጅ ወሩን ሙሉ ድምጿ ሳይሰማ ይወጣል። ማንም ክፉ አላሰበባትም፤ ሆኖም እንደ ሚዛኑ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ስሕተት ነውና እሷም ሲስተማቲካሊ ታለፈች ይባላል። ዕቅዱ ላይ ያው ቃል ተጽፎ ሳለ እኮ ነው!

ታዲያ ቃሉን ትተን ተራውን ራሱን ብንጽፈውስ? «ሰኞ ከስም መጥሪያው ከ1 እስከ 14፣ ማክሰኞ ከ15 እስከ 28።» በዚህ አካሄድ ሰባውም እስከ ዓርብ ይዳረሳሉ።